የእንግሊዝና የአሜሪካ ጀልበኞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀልባ ለመከራየት ያሰቡ ሰዎች፣ ጀልባ ላይ ከሚኖሩ ፈረንጆች ጋር የሚጎራበቱ፣ ወይም በቃ ነገሩ የሚገርማቸው ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ አሰባስቤያለሁ። የማወራው ስለ ትልልቅ መርከቦች አይደለም። ስለ መዝናኛና ስለ መኖሪያ ጀልባ ነው። አብዛኛው ነገር ለጨዋታ የሚመች ነው። ሁለት ሦስቱ ግን ካልታወቁ ጣጣ ያመጣሉ።

ቋንቋው አንድ ነው፣ ውሃውም ያው ውሃ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ብዙ ሰው ልዩነቱን ከባሕርይ ጋር ያያይዘዋል። «እንግሊዝ ቁጥብ ነው፣ አሜሪካዊ ተጫዋች ነው» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት የውሃው ስፋት ነው ባይ ነኝ።

እንግሊዝ ውስጥ ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው አለ ከተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቦይ ላይ ነው። ቦዮቹ ከ1760ዎቹ ጀምሮ የድንጋይ ከሰልና የሸክላ ዕቃ ለማጓጓዝ የተቆፈሩ ናቸው። መሬቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ ጀልባውን የሚያወጣና የሚያወርድ፣ በፊትና በኋላ በር ያለው ገንዳ ይሠራል። ሎክ የሚባለው ይሄ ነው። ጄምስ ብሪንድሊ የሚባለው መሐንዲስ በመሀል እንግሊዝ ሎኮቹን ሲያሠራ ስፋታቸውን ወደ 7 ጫማ አደረገው። ሁለት ሜትር ከምናምን ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬም ናሮውቦት የሚባለው ጀልባ ስፋቱ 6 ጫማ ከ10 ኢንች ነው። ርዝመቱ ግን እስከ 70 ጫማ ይደርሳል። ውሃ ላይ የሚሄድ ኮሪደር በሉት።

የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 4 ማይል ነው። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው አይቀርበትም። በዚህ ፍጥነት ስትሄዱ፣ ዳር ላይ ውሻውን ከሚያናፍስ ሰው ጋር ሳታስቡት ወሬ ትጀምራላችሁ። ሌላ ጀልባ ሲመጣ ደግሞ ክንዳችሁን ብትዘረጉ ትነካካላችሁ። ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

አሜሪካ ሌላ ነው። ወንዙ ሰፊ ነው፣ ሐይቁ ባሕር ያህላል። «ግሬት ሉፕ» የሚባል ጉዞ አላቸው። ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነስቶ፣ በኒው ዮርክ ቦዮች አድርጎ፣ ታላላቅ ሐይቆችን አልፎ፣ በመሀል አገር ወንዞች ወርዶ፣ በፍሎሪዳ ዞሮ ይመለሳል። ወደ 6,000 ማይል ነው። ብዙዎች አንድ ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። እዚያ ጎረቤትን የሚያገኙት በራዲዮ ነው፣ ወይም ማታ ማሪና (የጀልባ ማረፊያ) ሲገቡ ነው። ነገ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል። ስለዚህ አሜሪካዊው ጊዜ አያጠፋም። ስሙን፣ የመጣበትን ከተማና የጀልባውን ስም በአንድ ትንፋሽ ይነግራችኋል።

እንግሊዙ ስለ ውሻው፣ ስለ እንጨት ምድጃውና ስለ ዝናቡ አንድ ሰዓት ሙሉ አውርቶ ስሙን ሳይነግራችሁ ሊሄድ ይችላል። ተቀይሞ ወይም ንቆ አይደለም። በማግስቱ ቀጣዩ ሎክ ላይ እንደምትገናኙ ስለሚያውቅ ነው።

እንግሊዞች መኪና በግራ ይነዳሉ። ጀልባስ?

በቀኝ። ሁለቱም አገር ፊት ለፊት ሲገናኙ በቀኝ ይያዛል፣ ሌላው ጀልባ በግራችሁ በኩል ያልፋል። ለአሜሪካዊ ይሄ ምንም አይደለም። መኪና ብቻ ሲነዳ ለኖረ እንግሊዝ ግን የመጀመሪያው ቀን ላይ እጁ ወደ ግራ ይሄድበታል። ዓመት ዓመት ቦይ ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ የሚላተሙት አዲስ ተከራዮች ናቸው።

ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት ቀይና አረንጓዴ ምልክቶች በሁለቱ አገር አንድ ናቸው?

አይደሉም። ጣጣ ያመጣሉ ካልኳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ከባሕር ወደ ወደብ ስትገቡ እንግሊዝ ውስጥ ቀዩ በግራ፣ አረንጓዴው በቀኝ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ተገላቢጦሽ ነው። ቀዩ በቀኝ ነው። አሜሪካዊ ሕፃን ሆኖ ጀልባ ላይ ካደገ «ስትመለስ ቀዩ በቀኝህ» የሚለውን ከሀሁ ጋር ነው የሚማረው።

ዓለም በዚህ ጉዳይ በሁለት ክልል ተከፍላለች። አውሮፓ፣ አፍሪካና አብዛኛው እስያ ከእንግሊዝ ጋር ናቸው። የአሜሪካ አህጉሮች፣ ጃፓን፣ ኮሪያና ፊሊፒንስ ወደ ሌላው ወገን ናቸው። ስለዚህ አትላንቲክን አቋርጦ ካሪቢያን የገባ እንግሊዝ፣ ልምዱን ትቶ ካርታውን ማየት አለበት። አለዚያ አሸዋ ላይ ይቀመጣል።

የምልክቱ ስም ራሱ ያጣላቸዋል። አሜሪካዊው «ቡዪ» ይላል። እንግሊዙ ልክ እንደኛው የውሃ መውረጃ «ቦይ» ይለዋል። አማርኛ ተናጋሪ ለንደን ላይ ሲሰማው ግር ቢለው አይፈረድበትም።

የትኞቹ ቃላት ናቸው በእውነት የሚያሳስቱት?

ብዙ ዝርዝር ማቅረብ ይቻላል፣ ግን አብዛኛው ወዲያው የሚገባ ነው። አሜሪካዊው «ካፕቴን» ሲል እንግሊዙ «ስኪፐር» ይላል። በእንግሊዝ አንድ ተራ ሰው ራሱን ካፕቴን ብሎ ቢያስተዋውቅ ጓደኞቹ ዓመቱን ሙሉ ይስቁበታል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከኮስት ጋርድ (ከባሕር ጠረፍ ጥበቃው) ፈቃድ አውጥቶ ስድስት መንገደኛ የሚጭን ሰው ካፕቴን መባሉ የተለመደ ነው። እነዚህ አያጣሉም። የሚያጣሉት ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሲለይ ነው።

«ፖንቱን» አንዱ ነው። እንግሊዝ ማሪና ውስጥ ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ መረማመጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሶፋ የተደረደረበት፣ በአሉሚኒየም ቱቦ ላይ የሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ የመዝናኛ ጀልባ ነው። «ፖንቱኑ ላይ ቆመህ ጠብቀኝ» የተባለ አሜሪካዊ የማን ጀልባ ላይ እንደሚወጣ ግራ ይገባዋል። እሱ መረማመጃውን የሚጠራው «ዶክ» ብሎ ነው። ለእንግሊዙ ደግሞ ዶክ ማለት መርከብ የሚገባበት ወይም የሚጠገንበት ገንዳ ነው።

«ባርጅ» የሚለው ቃል ላይ ተጠንቀቁ። ናሮውቦት ያለውን እንግሊዝ «ባርጅህ ያምራል» ብትሉት ፈገግ ይላል፣ ግን አልወደደውም። ለእሱ ባርጅ ሰፊው የጭነት ጀልባ ነው። ለአሜሪካዊው ባርጅ ማለት ሚሲሲፒ ላይ 195 ጫማ የሚረዝመው፣ 1,500 ቶን የሚጭነው የብረት ሳጥን ነው። አሥራ አምስቱ በአንድ ላይ ታስረው በአንድ ጀልባ ይገፋሉ። ደግሞ የሚገፋው ጀልባ ስሙ «ጎታች» ነው። ለምን እንደሆነ አሜሪካኖቹም ይስቁበታል።

«ያት» እንግሊዝ አገር ሸራ ያለው ትንሽ ጀልባም ሊሆን ይችላል። ጡረታ የወጣ መምህር «ያት አለኝ» ቢል ሀብታም ነው ማለት አይደለም። አሜሪካዊ ጆሮ ግን ያት ሲሰማ የሚታየው ነጭ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የሚሊየነር ጀልባ ነው። እሱ ትንሿን «ሴይልቦት» ነው የሚላት።

ከሁሉም በላይ ግን ልብ በሉልኝ የምለው «ጋዝ» ነው። አሜሪካዊ ነዳጅ መቅጃ ጋ ቆሞ ጋዝ ካለ ቤንዚን ማለቱ ነው። እንግሊዝ ማሪና ውስጥ ጋዝ ብሎ የጠየቀ የማብሰያ ሲሊንደር ይዘውለት ይመጣሉ። የኛ አገር ሰው ሦስተኛ ትርጉም ይጨምርበታል። ለእኛ ጋዝ ፋኖስ ውስጥ የሚገባው ላምባ ነው። ስለዚህ በማንኛውም አገር ነዳጅ ስትቀዱ ዓይነቱን በስሙ ጥሩ። ቤንዚን ከሆነ እንግሊዝ ውስጥ «ፔትሮል» በሉ። ናፍጣ ከሆነ ሁለቱም ጋ «ዲዝል» ነው፣ በዚህ እንኳን ተስማምተዋል።

ሎክ ላይ ስንደርስ ምን እናድርግ?

እንግሊዝ ቦይ ላይ ከሆናችሁ ሥራው የእናንተ ነው። አብዛኛው ሎክ ጠባቂ የለውም። አንድ ሰው ጀልባው ላይ ይቀራል፣ ሌላው ዊንድላስ የሚባለውን የተቆለመመ የብረት እጀታ ይዞ ይወርዳል። እጀታውን ጥርስ ባለው ብረት ላይ ሰክቶ ያዞረዋል። ከበሩ ሥር ያለው መዝጊያ ይነሳል፣ ውሃው ይገባል ወይም ይወጣል። ውሃው እኩል ሲሆን ከበሩ የወጣውን ረጅም እንጨት በጀርባችሁ ተደግፋችሁ ትገፋላችሁ። በክንድ ብቻ የሚገፋ ሰው አዲስ መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። ውሃው እኩል ካልሆነ ደግሞ አሥር ሰው ቢገፋው በሩ ንቅንቅ አይልም። በነገራችን ላይ አሜሪካዊ ዊንድላስ ሲባል የሚያስበው መልሕቅ የሚስበውን ማሽን ነው። «ዊንድላስህ ኪስህ ውስጥ ነው?» ብትሉት አይገባውም።

አንድ አደጋ አለ። ወደ ታች ስትወርዱ፣ ከላይኛው በር ሥር ውሃ ውስጥ የተደበቀ የድንጋይ ደፍ አለ። የጀልባው ኋላ ደፉ ላይ ከተቀመጠ ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ ፊቱ ብቻ ይወርዳል። ጀልባ የሚሰምጠው እንዲህ ነው። ብዙ ሎክ ላይ የደፉ መጠን በነጭ መስመር ተቀብቷል። ከመስመሩ ወደ ፊት ቁሙ። ከተያዘባችሁ ወዲያው መዝጊያውን ዝጉ፣ ውሃ መልሳችሁ አስገቡ።

ጨዋነቱስ? ከፊት የሚመጣ ጀልባ ካለና ሎኩ ለእሱ የተዘጋጀ ከሆነ፣ እሱ ይቅደም። ውሃም ይቆጠባል። ተንደርድሮ ገብቶ የሎኩን ውሃ ለራሱ የሚቀይር ሰው «ይቅርታ፣ አላየኸኝም መሰለኝ» ይባላል። ይሄ አነጋገር በእንግሊዝኛ ለስላሳ ይመስላል፣ ግን ስድብ ነው።

አሜሪካ፣ ኒው ዮርክ ስቴት ያለው ኢሪ ቦይ ላይ፣ ይሄ ሁሉ የለም። ቦዩ በ1825 ሲከፈት 363 ማይል ይረዝም ነበር። አሁን ያለው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሰፍቶ የተሠራው ነው፣ ሎኮቹ ከ43 ጫማ በላይ ስፋት አላቸው። በሰማያዊና በቢጫ ቀለም የተቀባ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሠራተኛ አለ። ከመድረሳችሁ በፊት በራዲዮ ቻናል 13 ትጠሩታላችሁ። አረንጓዴ መብራት ሲበራ ትገባላችሁ። ከግድግዳው የተንጠለጠለ ገመድ ይዛችሁ ትቆማላችሁ፣ ማሽኑ ሥራውን ይሠራል። ገመዱ አረንጓዴ ዝቃጭ የጠገበ ስለሆነ ጓንት ያዙ። ጓንት የሌለው አሜሪካዊ አላየሁም።

ለዚህ ነው አሜሪካውያን ኦክስፎርድ አካባቢ ናሮውቦት ተከራይተው የመጀመሪያው ሎክ ላይ ሠራተኛውን የሚፈልጉት። ተንቀሳቃሽ ድልድይም ቢሆን ያው ነው። አሜሪካ ድልድይ ከፋች አለ፣ በራዲዮ ትጠይቁታላችሁ። እንግሊዝ ቦይ ላይ ከጀልባ ወርዳችሁ፣ ቁልፍ ከትታችሁ፣ የመኪናውን መንገድ ራሳችሁ ትዘጋላችሁ። ሃያ ሾፌር እያያችሁ። እኔ ይሄን ወድጄዋለሁ።

በራዲዮና በጡሩንባ የሚነጋገሩትስ አንድ ነው?

ይቀራረባል። ግን አንዲት ነጥብ አለች። በዓለም አቀፉ ሕግ አንድ አጭር ጡሩንባ «ወደ ቀኝ እየዞርኩ ነው» ማለት ነው። የተደረገውን መናገር ነው። በአሜሪካ የውስጥ ውሃዎች ሕግ ግን አንድ አጭር ጡሩንባ «በግራዬ ላሳልፍህ አስቤያለሁ፣ ትስማማለህ?» እንደማለት ነው። ሌላው ከተስማማ ያንኑ ይመልሳል። አሁን አብዛኛው በራዲዮ ይጨርሰዋል። ባርጅ የሚገፋ ካፕቴን «በአንድ ፊሽካ እንተላለፍ» ካለ ጡሩንባ አይነፋም፣ ግራ ለግራ እንተላለፍ ማለቱ ነው። «በሁለት ፊሽካ» ካለ ቀኝ ለቀኝ ነው።

ደስ የሚለኝ ልማድ ደግሞ አለ። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ በሚሄደው የውስጥ የውሃ መንገድ ላይ ፈጣን ሞተር ጀልባ ቀርፋፋውን ባለ ሸራ ሊያልፍ ሲል በራዲዮ ይጠራዋል። «ቀስ ብዬ ልለፍህ» ይለዋል። ያኔ ባለ ሸራውም ፍጥነቱን ይቀንሳል። እሱ ካልቀነሰ ፈጣኑ ቀስ ብሎ ማለፍ አይችልም፣ ማዕበሉም ሁለቱንም ያናውጣል። ካለፉ በኋላ «አመሰግናለሁ፣ መልካም መንገድ» ይባባላሉ።

እንግሊዝ ቦይ ላይ ራዲዮ የለም ማለት ይቻላል። የታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግ ግዴታ ነው። ካላደረጋችሁ መስኮት ይከፈታል። አንድ ራስ ብቅ ይላል። «ቀስ በል!» ይላችኋል። ያ ነው ራዲዮው።

እንግሊዙ «ትንሽ ነፋስ አለ» ሲል ምን ያህል ማለቱ ነው?

ብዙ። እንግሊዝ ነገር ማሳነስ ይወዳል። «ትንሽ ነፈሰብን» ካለ ሌሊቱን አልተኛም። «አስደሳች ጉዞ ነበር» ብሎ ከንፈሩን ከነከሰ ደግሞ ሸራው ተቀዷል። አሜሪካዊው የሆነውን በቁጥር ይነግራችኋል። 30 ኖት (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው)፣ 6 ጫማ ማዕበል፣ ከዚያ ቪዲዮውን ያሳያችኋል።

ትንበያውም እንዲሁ ነው። እንግሊዞች ነፋስን በቦፎርት መለኪያ ይቆጥራሉ። ፎርስ 6 ማለት ከ22 እስከ 27 ኖት ነው። ቢቢሲ ራዲዮ 4 በዙሪያቸው ያለውን ባሕር በ31 ቀጠና ከፍሎ ትንበያውን ያነባል። ዶገር፣ ፊሸር፣ ጀርመን ባይት እያለ። ጀልባ የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ አልጋ ላይ ሆነው ይሰሙታል። አሜሪካውያን የመንግሥቱን የአየር ሁኔታ ራዲዮ ይከፍታሉ። በኖትና በጫማ ይነገራቸዋል። ለትንንሽ ጀልባ የሚያሰጋ ከሆነም በግልጽ ማስጠንቀቂያ ይወጣል።

መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል?

እንግሊዝ ውስጥ የራሳችሁን ትንሽ የመዝናኛ ጀልባ ባሕር ላይ ለመንዳት የግል መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። ሰው ሁሉ የሚገረመው በዚህ ነው። ቦይ ላይ ፈቃድ የሚያስፈልገው ጀልባው ነው። የቦይና ወንዝ ትረስት የሚባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ከ2012 ጀምሮ የእንግሊዝና የዌልስን አብዛኛውን ቦይ ያስተዳድራል። ፈቃድ፣ ኢንሹራንስና በየ4 ዓመቱ የሚታደስ የደኅንነት ምርመራ ይጠይቃል። ቋሚ ማሰሪያ የሌለው ጀልባ በአንድ አካባቢ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይችልም። መጓዝ አለበት። ለዕረፍት የሚከራይ ሰው ግን አጭር ማብራሪያ ይሰጠዋል፣ ከዚያ 60 ጫማ ብረት በእጁ ይሆናል።

አሜሪካ በየስቴቱ ይለያያል። የሞተር ጀልባ ይመዘገባል፣ ቁጥሩም እንደ ታርጋ ፊቱ ላይ ይለጠፋል። ፍሎሪዳ ውስጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ወዲህ የተወለደ ሰው 10 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለው ሞተር ለመንዳት የትምህርት ካርድ ያስፈልገዋል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ቢሆን ለዚያው መጠን ሞተር የደኅንነት ኮርስ ትወስዳላችሁ። ለኪራይ የተለየ አሠራር ስላለ አከራዩን ጠይቁ።

ራዲዮው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። አሜሪካዊ በአገሩ ውስጥ ቪኤችኤፍ የሚባለውን የጀልባ መነጋገሪያ ራዲዮ ያለ ፈቃድ ይጠቀማል። እንግሊዙ ኮርስ ወስዶ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት። ለመንዳት የማይጠየቅ ሰው ለማውራት ይፈተናል።

ችግር ቢገጥም ማን ይመጣል?

በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ኮስት ጋርድ ጥሪውን ይቀበላል፣ ብዙ ጊዜ ወጥቶ የሚደርሰው ግን የነፍስ አድን ጀልባዎች ተቋም ነው። አርኤንኤልአይ ይሉታል። በ1824 የተመሠረተ በጎ አድራጎት ነው። ከ230 በላይ ጣቢያ አለው። አብዛኞቹ ሠራተኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የዳቦ ጋጋሪው፣ የትምህርት ቤቱ መምህርት፣ የመጠጥ ቤቱ አስተናጋጅ ጥሪ ሲደርሳቸው ሥራቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ሂሳብ አያስከፍሉም። ስለዚህ በየመጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጀልባ የሚመስል የገንዘብ መሰብሰቢያ ሣጥን ታያላችሁ። እንግሊዝ ጀልበኛ ሳንቲም ሳይጥል አያልፈውም።

አሜሪካ ውስጥ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ የመንግሥት ኮስት ጋርድ ይመጣል። ሞተር ብቻ ከቆመባችሁ፣ ወይም አሸዋ ላይ ከተቀመጣችሁ ግን የግል ጎታች ነው የሚመጣው። ሁለቱ ትልልቆቹ ሲ ቶው እና ቶውቦት ዩኤስ ናቸው። የመጀመሪያው ቢጫ ጀልባ አለው፣ ሁለተኛው ቀይ። እንደ መኪና እርዳታ በዓመት አባልነት ይከፈላል። አባል ካልሆናችሁ ሂሳቡ ያስደነግጣል። እንግሊዙ ይሄን ሲሰማ ይዘገንነዋል፣ አሜሪካዊው ደግሞ «ነፍስ አድን በልመና ሣጥን?» ብሎ ይገረማል።

«ብቅ በል» ከተባልን መሄድ አለብን?

አሜሪካዊ ከሆነ ሂዱ። ማሪና ውስጥ አመሻሽ ላይ መረማመጃው ላይ ተሰብስበው የሚጠጡት ነገር አላቸው። ዶክንና ኮክቴልን አጋጭተው «ዶክቴል» ብለውታል። መጠጣችሁን፣ የምትቋደሱትን ነገርና ታጣፊ ወንበር ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው፣ ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። ግሬት ሉፕን የሚጓዙት በባንዲራቸው ይተዋወቃሉ። ነጭ የያዘ ገና በጉዞ ላይ ነው። ወርቃማው ዙሩን ጨርሷል። ፕላቲነሙ ከአንድ ጊዜ በላይ ዞሯል።

እንግሊዝ «አንድ ቀን ሻይ እንጠጣ» ካለ ሰዓት ካልጨመረበት ሰላምታ ነው። ሰዓት ከጨመረ እውነቱን ነው። «ሃፍ ሰቨን» ካለ ደግሞ 7:30 ማለቱ ነው፣ በፈረንጅ ሰዓት። ለመጠጥ ከጠራችሁ እራትን አይጨምርም። ብርጭቆው ሁለተኛ ጊዜ ካልተሞላ ተነሱ።

በሁለቱም አገር ሳይጠሩ ጀልባ ላይ መውጣት ክልክል ነው። በእኛ ደንብ «ቤቶች!» ብሎ መግባት አለ። ጀልባ ላይ አይሠራም። አንድ እግር ሲጫን ናሮውቦት ጎንበስ ይላል፣ ውስጥ ያለው ሰው ቡናውን እንደያዘ ያውቅባችኋል። ዳር ቆማችሁ ጎኑን አንኳኩ።

ስለ መጸዳጃ ቤት ይሄን ያህል ለምን ያወራሉ?

ታንኩ ስለሚሞላ ነው። እንግሊዝ ቦይ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ በፓምፕ የሚመጠጥ ትልቅ ታንክ ያለው ነው። ሌላው እንደ ሻንጣ ይዞት ሄዶ የሚደፋው ሣጥን ያለው ነው። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ከፖለቲካ ይብሳል፣ እራት ላይም ይነሳል። አሜሪካ ከዳርቻ 3 የባሕር ማይል ውስጥ ያልታከመ ፍሳሽ መልቀቅ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ መምጠጫው በየማሪናው አለ፣ ወሬውም ያጥራል።

መለኪያ፣ ቀንና ኤሌክትሪክ ላይ የሚሳሳት አለ?

አለ። የእንግሊዝ ጋሎን 4.55 ሊትር ያህል ነው፣ የአሜሪካው 3.79። የነዳጅ ስሌት ስትሠሩ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የእንግሊዝ የባሕር ካርታ ጥልቀቱን በሜትር ይጽፋል። የአሜሪካው ብዙ ጊዜ በጫማ ነው። 6 ተብሎ የተጻፈውን በየትኛው እንደሆነ ሳታዩ አትግቡ። ማሪና ስትይዙ 4/7 ብላችሁ አትጻፉ። ለአሜሪካዊው ኤፕሪል ነው፣ ለእንግሊዙ ጁላይ። የወሩን ስም ጻፉ። መብራቱም በእንግሊዝ 230 ቮልት፣ በአሜሪካ 120 ነው። ሶኬቱም አይገጥምም።

ላይፍ ጃኬት ግዴታ ነው?

አሜሪካ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጀልባው ላይ መኖር አለበት። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደጅ ላይ ከሆነ መልበስ አለበት፣ ስቴቱ የራሱ ሕግ ከሌለው በቀር። እንግሊዝ ቦይ ላይ በግል ጀልባ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ቦዩ ብዙ ቦታ ቆሞ የሚታለፍ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ሎክ ግን ጥልቅ ነው፣ ውሃውም ይቀዘቅዛል። ልጆች ካሏችሁ አልብሷቸው።

ጀልባ ሳንከራይ የት ሄደን ማየት እንችላለን?

ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ጆርጅታውን ሂዱ። እዚያ የሚጀምረው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ 184.5 ማይል ይረዝማል። በ1924 ጎርፍ ከመታው በኋላ የጭነት ሥራው ቆመ፣ አሁን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሎኮቹና በቅሎ የሚሄድበት መንገድ አሉ። የሚንቀሳቀሱትን ጀልባዎች ለማየት ደግሞ ጥቂት ወረድ ብሎ ፖቶማክ ወንዝ አለ።

ለንደን ያላችሁ ካምደን ትበቃችኋለች። ሪጀንትስ ቦይ በ1820 የተከፈተ ነው፣ ሎኮቹ ዛሬም ይሠራሉ። ቅዳሜና እሑድ ዳር ቆሞ ጀልባ ሲወጣና ሲወርድ የሚያይ ሰው ሞልቷል። ጀልበኞቹ እንዲህ ያለውን ተመልካች «ጎንጉዝለር» ይሉታል። ክፋት የለውም። አንዳንዴ «ትገፋልኛለህ?» ይላችኋል። እሺ በሉ፣ ግን መጀመሪያ የት መቆም እንዳለባችሁ ጠይቁት። እንጨቱ ሲዞር በውሃው በኩል የቆመ ሰው ተገፍቶ ሊገባ ይችላል።